ርካሽ ሰንጢ እንዴት ይመረጣል? እንዴትስ ይያዛል?

ሰንጢ የሚለው ቃል በከተማና በገጠር ጆሮ እኩል አይሰማም። በከተማ ስሙ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከወንጀል ዜና ጋር ተያይዞ ነው። በገጠር ግን ሰንጢ ገመድ መቁረጫ፣ ችግኝ መከርከሚያ፣ ሸንኮራ መላጫና የማዳበሪያ ከረጢት መክፈቻ ነው። ይህ አንድ ዕቃ በአንዱ ዘንድ የሚፈራ፣ በሌላው ዘንድ የሚፈለግ ሆኖ ሳለ፣ ስለ አመራረጡና ስለ አያያዙ ግን በሁለቱም ዘንድ እምብዛም አይነገርም።

አለመነገሩ ዋጋ ያስከፍላል። ገዢው ብዙውን ጊዜ የሚመለከተው የእጀታውን ቀለምና የብረቱን ማብለጭለጭ ነው። ሰንጢው በሳምንቱ ሲደነዝዝ፣ በወሩ ማጠፊያው ሲላላ ሌላ ይገዛል። ከገንዘቡ ይልቅ የሚከፋው ግን ሌላ ነው። መቆለፊያ የሌለው ሰንጢ በሥራ መካከል ተመልሶ ጣት ላይ ሊታጠፍ ይችላል። ያልጸዳ ሰንጢ በሽታን ከተክል ወደ ተክል ያጓጉዛል። ያለ ቦታው የዋለ ሰንጢም ሕይወት ያስከፍላል። ስለዚህ ይህ ትንሽ ዕቃ ሲገዛም ሲያዝም ጥቂት ዕውቀት ይሻል።

ሰንጢ ከቢላዋ በምን ይለያል?

ሰንጢ ብረቱ ወደ እጀታው ተመልሶ የሚታጠፍ ትንሽ ቢላዋ ነው። ካራም ሆነ ሌላ ቢላዋ ከቤት ይዞ ለመውጣት አፎት ይፈልጋል፤ ሰንጢ ግን እጀታው ራሱ አፎቱ ስለሆነ በኪስ ይያዛል። አሠራሩ አዲስ አይደለም፤ ከሮማውያን ዘመን የተረፉ ታጣፊ ቢላዋዎች በአውሮፓ በተደረጉ ቁፋሮዎች ተገኝተዋል።

አብዛኛው ሰንጢ አራት ነገሮች አሉት። እነርሱም የሚቆርጠው ብረት፣ እጀታው፣ ሁለቱን የሚያገናኘው ችንካር፣ እንዲሁም ብረቱን ሲከፈት ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ሞላ ወይም መቆለፊያ ናቸው። ሰንጢ ተበላሸ ሲባል ከእነዚህ ከአራቱ አንዱ ተበላሽቷል ማለት ነው። ስለዚህ በግዢ ጊዜ የሚፈተሹትም እነዚሁ አራቱ ናቸው።

ለገበሬ ተብለው የተሠሩ ሰንጢዎች

በዓለም ላይ ለረጅም ጊዜ የቆዩት ሰንጢዎች በአመዛኙ ለገበሬና ለተራ ሠራተኛ ተብለው የተሠሩ ናቸው። ከእነዚህ ዋነኛው በፈረንሳይ ተራራማ ግዛት በሳቮዋ የተፈጠረው ኦፒኔል ነው። ዮሴፍ ኦፒኔል የተባለው ወጣት የመጥረቢያና የመከርከሚያ መሣሪያ ሠሪ ልጅ ነበር። እርሱም እ.ኤ.አ. በ1890 ገና በ18 ዓመቱ ይህን ሰንጢ ሠራ። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1897፣ ከቁጥር 1 እስከ ቁጥር 12 ድረስ በመጠን የተከፋፈሉ ሰንጢዎችን ለገበያ አቀረበ። ዛሬም በሰፊው የሚታወቀው ቁጥር 8 ሲሆን ብረቱ 8 ነጥብ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል።

የዚህ ሰንጢ ጥበብ ቀላልነቱ ነው። አንድ ቁራጭ እንጨት፣ አንድ ብረት፣ አንድ ችንካርና አንድ የብረት ቀለበት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 ደግሞ የሚዞር ሌላ ቀለበት ተጨመረበት። ቀለበቱ ሲዞር የተከፈተው ብረት ወደ ጣት ተመልሶ እንዳይታጠፍ ይቆልፈዋል። ሰንጢው ርካሽ የሆነው ብረቱ መናኛ ስለሆነ ሳይሆን ክፍሎቹ ጥቂት ስለሆኑ ነው። ይህ ነጥብ ለማንኛውም ገዢ ትምህርት አለው። በአነስተኛ ዋጋ የቀረበ ሰንጢ ብዙ ጌጥ፣ ብዙ መክፈቻና ብዙ ቀለም ካለው ገንዘቡ የሄደው ወደ ጌጡ እንጂ ወደ ብረቱ አለመሆኑን መጠርጠር ይገባል።

በስዊዘርላንድም ካርል ኤልዘነር እ.ኤ.አ. በ1884 የቢላዋ መሥሪያ ወርክሾፕ ከፍቶ፣ በ1891 ለአገሩ ጦር ሰንጢ ማቅረብ ጀመረ። የወታደሩ ሰንጢ ከስለቱ ሌላ መብሻ፣ ካቻቢቴና የጣሳ መክፈቻ ነበረው። ወታደሩ በእርሱ ምግቡን ይከፍታል፤ ጠመንጃውንም ይፈታበታል። ወደ አፍሪካ ስንመለስ፣ እ.ኤ.አ. በ1902 በጀርመኗ ዞሊንገን ከተማ ለአፍሪካ ገበያ መመረት የጀመረው ኦካፒ የተባለው ሰንጢ አለ። ይህ ሰንጢ ዛሬ የሚመረተው በደቡብ አፍሪካ ሲሆን፣ በጀርባው ያለችውን የብረት ቀለበት በመሳብ የሚታጠፍ ነው። ሦስቱም ለብዙ ዓመታት የቆዩት አንድ ሠራተኛ በቀላሉ ሊገዛቸው፣ ራሱ ሊስላቸውና ሳይሰበሩ ሊጠቀምባቸው ስለቻለ ነው።

ብረቱ ምን ዓይነት ነው?

የሰንጢ ዋጋ ያለው በብረቱ ነው። ለሰንጢ የሚሆን ብረት በጥቅሉ በሁለት ይከፈላል።

የመጀመሪያው ካርቦን የበዛበት ተራ ብረት ነው። ይህ ብረት ቶሎ ይሳላል፤ ስለቱም ጥሩ ነው። ጉዳቱ መዛጉ ነው። ሎሚ፣ ብርቱካን ወይም ሽንኩርት ሲቆርጥ ቀለሙ ወደ ጥቁር ግራጫ ይለወጣል። ይህ መጥቆር ከቀይ ዝገት የተለየ ነው፤ ብረቱን አይጎዳም፤ እንዲያውም በጥቂቱ ከዝገት ይከላከልለታል።

ሁለተኛው የማይዝግ የሚባለው ብረት ነው። በውስጡ ቢያንስ ከመቶ 10 ነጥብ 5 እጅ ክሮሚየም የተባለ ማዕድን አለበት። እርጥበት ለሚበዛበት አካባቢ፣ ለወጥ ቤትና ለፍራፍሬ ሥራ ይመቻል። ይሁንና የማይዝግ ብረት ሁሉ ለስለት አይሆንም። ማንኪያና ድስት የሚሠሩበት የማይዝግ ብረት በእሳት ተግሎ ውሃ ቢጠጣም አይጠነክርም። ከእንዲህ ዓይነቱ ብረት የተሠራ ሰንጢ ሲያብረቀርቅ ያምራል እንጂ ጥቂት ገመድ ከቆረጠ በኋላ ይደነዝዛል።

ሁለቱን ለመለየት የሚረዳ አንድ ቀላል መንገድ አለ። ከተበላሸ ራዲዮ ድምፅ ማጉያ የወጣች ማግኔት ከብረቱ ጋር ማገናኘት ነው። ማግኔቷ ፈጽሞ ካልሳበችው ብረቱ ለስለት የማይሆነው ዓይነት የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ከሳበችው ግን ጥሩ ነው ማለት ሳይሆን ቀጣዩን ፈተና ሊያልፍ ይችላል ማለት ብቻ ነው። ቀጣዩ ፈተና የሞረድ ነው። በብረቱ ጀርባ በማይታይ ቦታ ላይ አዲስ ሞረድ ቀስ ብሎ ማስኬድ ይቻላል። ሞረዱ እየተንሸራተተ በጥቂቱ ብቻ ከነከሰው ብረቱ ውሃ የጠጣ ነው። እንደ ሚስማር በቀላሉ ከተፋቀ ግን ለስላሳ ስለሆነ ስለት አይዝም።

በአገር ውስጥ ባለ እጆች ቢላዋና ማጭድ የሚሠሩት ብዙውን ጊዜ ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ ነው። ይህ ምርጫ በዘፈቀደ የተደረገ አይደለም። ባሌስትራ የመኪናን ክብደት ተሸክሞ እየተለመጠ የሚመለስ ብረት በመሆኑ በቂ ካርቦን አለው፤ በእሳት ተግሎ ውሃ ሲጠጣም ይጠነክራል። ለግንባታ የሚውለው ተራ ፌሮ ግን ካርቦኑ አነስተኛ ስለሆነ የቱንም ያህል ቢቀጠቀጥ ጥሩ ስለት አያወጣም። ስለዚህ ከባለ እጅ የሚገዛ ሰው ብረቱ ከምን እንደተሠራ መጠየቅ አለበት። ይህን ልዩነት ጠንቅቀው የሚያውቁት ባለ እጆች ለዘመናት በንቀት ሲታዩ የኖሩ መሆናቸው የሚያሳዝን ነው፤ ገበሬው የሚያርስበትም፣ የሚያጭድበትም፣ የሚቆርጥበትም ብረት የወጣው ከእነርሱ እጅ ነውና።

መቆለፊያው የጣት ዋስ ነው

ሰንጢ በመቆለፊያው በኩል በሦስት ይመደባል። አንደኛው ሞላ ብቻ ያለው ነው። ሞላው ብረቱን ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል፤ ጀርባው በኃይል ከተገፋ ግን ይታጠፋል። ሁለተኛው እውነተኛ መቆለፊያ ያለው ሲሆን ቀለበቱ ካልዞረ፣ በጀርባው ያለው ቁልፍ ካልተጫነ ወይም በውስጡ ያለው ቀጭን ላሜራ በጣት ካልተገፋ አይታጠፍም። ሦስተኛው ሞላም መቆለፊያም የሌለው፣ በችንካሩ ጥብቀት ብቻ የሚቆም ነው።

ፍራፍሬ ለመላጥና ክር ለመቁረጥ ሞላ ብቻ ያለው ይበቃል። እንጨት ለመጥረብ፣ ቅርንጫፍ ለመከርከም፣ ወፍራም ጠፍር ለመበጠስ ግን መቆለፊያ ያለው መሆን አለበት። በተለይም ጫፉን ወደ አንድ ነገር መውጋት ወይም መብሳት የሚጠይቅ ሥራ በሞላ ብቻ በሚቆም ሰንጢ መሠራት የለበትም። ብረቱ ወደ ውስጥ አልገባም ብሎ ሲቆም ኃይሉ የሚመለሰው ጣቶች ወዳሉበት ነው።

ገንዘብ ከመክፈል በፊት

በገበያ ላይ ያለ ሰንጢ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በሚከተለው መንገድ ሊፈተሽ ይችላል።

1. ብረቱን ከፍቶ ወደ ግራና ወደ ቀኝ መነቅነቅ። በአዲስነቱ የሚወዛወዝ ሰንጢ ሲያገለግል ይብስበታል። ችንካሩ በካቻቢቴ የሚጠብቅ ከሆነ ይመረጣል፤ ሲላላ ባለቤቱ ራሱ ያጠብቀዋልና።

2. ሰንጢውን ከፍቶና ቆልፎ፣ ጣቶችን ከስለቱ መንገድ አርቆ፣ የብረቱን ጀርባ በጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ቀስ አድርጎ መጫን። መቆለፊያው ከለቀቀ ዋጋው ምንም ያህል ርካሽ ቢሆን መተው ይሻላል።

3. ሰንጢውን አጥፎ ከላይ ማየት። ብረቱ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለና እጀታውን ከነካ አሠራሩ ጠማማ ነው። የስለቱ ጫፍም ከእጀታው ውጭ ብቅ ማለት የለበትም፤ ኪስም ጭንም ይወጋል።

4. እጀታውን በሙሉ እጅ መጨበጥ። ትንሿ ጣት ቦታ ካጣች ለከባድ ሥራ ያንሳል። እጅ ሲያልበው ወይም ሲረጥብ የሚያንሸራትት ልሙጥ እጀታም አደገኛ ነው።

5. ስለቱን በወረቀት ላይ መሞከር። ሳይቀድ የሚቆርጥ ከሆነ መልካም ነው። ባይቆርጥም ግን ተስፋ አያስቆርጥም፤ ጥሩ ብረት ከሆነ በቤት ይሳላል።

ርካሽና ውድ የሚለውም በዋጋው ብቻ አይለካም። ለምሳሌ ያህል አንድ አርሶ አደር መናኛውን ሰንጢ በዓመት አራት ጊዜ ቢገዛ፣ በአምስት ዓመት ውስጥ የሃያ ሰንጢ ዋጋ አውጥቷል። ዋጋው ሦስት እጥፍ የሆነውን አንድ ጊዜ ገዝቶ አምስቱን ዓመት ቢገለገልበት ኖሮ ያወጣው የሦስቱን ብቻ ይሆን ነበር።

እንዴት ይሳላል?

የደነዘ ሰንጢ ከሰላው ይልቅ ሰው ይቆርጣል ቢባል ግር ሊል ይችላል፤ እውነታው ግን ይህ ነው። ስለቱ የሰላ ሰንጢ በትንሽ ኃይል ይቆርጣል፤ ወደፈለጉትም ይሄዳል። የደነዘው ግን ብዙ ኃይል ይጠይቃል፤ በኃይል የተገፋ ብረት ደግሞ ሲያመልጥ የሚቆመው ሥጋ ላይ ነው።

ለመሳል ውድ ዕቃ አያስፈልግም። ልሙጥና ጠፍጣፋ የሆነ የመሳያ ድንጋይ ወይም በጠፍጣፋ ጣውላ ላይ የተወጠረ ብርጭቆ ወረቀት ይበቃል። ለማጠናቀቂያ ደግሞ ከቤት የማይጠፋው የቡና ሲኒ አለ። ሲኒው ተገልብጦ ሲታይ መቀመጫው ላይ ያለው ቀለበት አብዛኛውን ጊዜ የሚያብረቀርቀው ልባስ አልተቀባበትም። ይህ ያልተቀባ ክፍል ከብረት የጠነከረ በመሆኑ ስለትን በሚገባ ያስተካክላል።

ዋናው ነገር ዘንበል አድርጎ የመያዝ መጠኑ ነው። ለዕለት ሥራ ተስማሚው በእያንዳንዱ ጎን 20 ዲግሪ ገደማ ነው። መለኪያ ለሌለው ሰው ዘዴው ይህ ነው። ሰንጢውን በድንጋዩ ላይ ቀጥ አድርጎ ማቆም፤ ከዚያ በግማሽ ማዘንበል፤ ከዚያም የቀረውን እንደገና በግማሽ ማዘንበል። ውጤቱ ከሚፈለገው ብዙም የራቀ አይደለም። የብረቱ ወርድ 2 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ ጀርባው ከድንጋዩ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ይላል።

ይህን መጠን ሳይለውጡ ድንጋዩን በውሃ አርሶ፣ ከእጀታው በኩል እስከ ጫፍ ድረስ ቀጭን ነገር እንደሚቆርጡ አድርጎ ብረቱን መግፋት ነው። በአንዱ ጎን ሲደጋገም በሌላው ጎን ላይ በጣት የሚዳሰስ ቀጭን የብረት ጭራ ይወጣል። ይህ ሲዳሰስ ብረቱ በዚያ በኩል እስከ ስለቱ ድረስ ተስሏል ማለት ነው፤ ከዚያም ጎኑ ይቀየራል። ጣት ግን ከጀርባ ወደ ስለቱ እየወጣ ይዳስስ እንጂ በስለቱ ርዝመት መሄድ የለበትም። በመጨረሻ ጎኑን በየጊዜው እየቀየሩ በቀላሉ ማስኬድና በቆዳ ቀበቶ ውስጠኛ ፊት ላይ ወደ ኋላ እየጎተቱ ማበስ ይቀራል። የሰላ ሰንጢ የበሰለ ቲማቲምን ሳይጫኑት ይቆርጣል።

በኤሌክትሪክ በሚሽከረከር መሳያ ማሳል ግን ጥንቃቄ ይሻል። ብረቱ ወደ ሰማያዊ ቀለም እስኪለወጥ ከጋለ፣ የጠጣው ውሃ ወጥቶ ለስላሳ ሆኗል። ከዚያ ወዲያ የቱንም ያህል ቢሳል ስለቱ አይቆይም። በምድጃ እሳት ላይ ማጋልም ያው ጉዳት አለው።

ዝገትና ቆሻሻ

ሰንጢ ከሥራ በኋላ ተጠርጎና ደርቆ መታጠፍ አለበት። እርጥብ ሆኖ የታጠፈ ሰንጢ የሚዝገው በማይታየው በኩል ማለትም በማጠፊያው ውስጥ ነው። ኪስ ውስጥ የተጠራቀመ አቧራና የጨርቅ ብናኝ መቆለፊያውን ሊያደናቅፈው ስለሚችል አልፎ አልፎ በቀጭን እንጨት ማውጣት ይገባል።

ለችንካሩ አንድ ጠብታ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ይበቃዋል። የኑግ ዘይትን የመሰለ የምግብ ዘይት ግን ለዚህ አይመከርም፤ ጊዜ ሲያልፍ እየደረቀ ይጣበቅና ማጠፊያውን ያከብደዋል። የእንጨት እጀታ ያለው ሰንጢ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ የለበትም፤ እንጨቱ ሲያብጥ ብረቱ አልከፈት ይላል።

ሰንጢ ለመንቀያ፣ ለመፈልፈያ ወይም በካቻቢቴ ቦታ አልተሠራም። ጫፉ የሚሰበረውና ችንካሩ የሚላላው አብዛኛውን ጊዜ ባልተፈጠረበት ሥራ ላይ ሲውል ነው።

ሰንጢ በሽታ ሲያጓጉዝ

ለአርሶ አደሩ ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚሻው ጉዳይ ይህ ነው። ከታመመ ተክል ወደ ጤነኛው የሚሄደው ስለት በሽታውን ይዞት ይሄዳል። ግልጽ ማሳያው የእንሰት አጠውልግ በሽታ ነው። በሽታውን የሚያመጣው ባክቴሪያ በኢትዮጵያ በእንሰት ላይ እ.ኤ.አ. በ1968፣ በሙዝ ላይ ደግሞ በ1974 በተመራማሪዎች ተለይቶ ተመዝግቧል። የታመመው ተክል የሚድንበት መድኃኒት የለም። ከመዛመቻ መንገዶቹ ዋነኛው ደግሞ ያልጸዳ የመቁረጫ መሣሪያ ነው። በአንድ ጓሮ የታመመ እንሰት የቆረጠ ቢላዋ ሳይጸዳ ወደ ጎረቤት ጓሮ በውሰት ከሄደ፣ አብሮት የሚሄደው የዓመታት ልፋት ጥፋት ነው።

መከላከያው ቀላል ነው። በመጀመሪያ ጭማቂውንና አፈሩን በውሃና በሳሙና ማጠብ፤ ቀጥሎ 1 እጅ በረኪና በ5 እጅ ውሃ በጥብጦ መሣሪያውን መንከር ነው። በረኪና ብረት ስለሚያዝግ ከሥራው በኋላ በንጹሕ ውሃ አለቅልቆ፣ አድርቆ፣ ዘይት መቀባት ያሻል። ትልልቅ ቢላዋዎችን በእሳት ነበልባል ማጽዳት የሚቻል ቢሆንም ቀጭን ሰንጢ በቶሎ ስለሚግልና ውሃው ስለሚወጣ ለእርሱ በረኪናው ይሻላል።

ማንጎና አቮካዶ የሚያዳቅሉ፣ ማለትም የአንዱን ዛፍ ቅርንጫፍ ከሌላው ችግኝ ጋር የሚያጣብቁ አምራቾችም ይኸው ይመለከታቸዋል። ሁለቱ ቁራጮች የሚያያዙት በቅርፊቱና በእንጨቱ መካከል ያለው ቀጭን ሕያው ሽፋን ሲገጣጠም ነው። የደነዘ ሰንጢ ይህን ሽፋን ይጨፈልቀዋል፤ የቆሸሸው ደግሞ ይመርዘዋል። ለዚህ ሥራ የሚውል ሰንጢ ተለይቶ ቢቀመጥና ገመድም ሆነ ከረጢት ባይቆረጥበት ይመረጣል።

በእንስሳት በኩል ደግሞ የአባ ሰንጋ ጉዳይ አለ። በድንገት የሞተ፣ በተለይም ከአፍንጫው፣ ከአፉ ወይም ከፊንጢጣው ደም የፈሰሰ ከብት በሰንጢም ሆነ በካራ መከፈት፣ መገፈፍም ሆነ መበላት የለበትም። በድኑ ሲከፈት የበሽታው ተሕዋስያን ከአየር ጋር ተገናኝተው በአፈር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ወደሚቆይ ጠንካራ ቅርጽ ይለወጣሉ፤ ከፋቹንም በእጁ ቁስል በኩል ይይዙታል። በዚህ ጊዜ የሚያስፈልገው ሰንጢ ሳይሆን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው።

በሰው በኩልም እንዲሁ ነው። እትብት ለመቁረጥ፣ ለግርዛት፣ እንጥል ለመቁረጥ ወይም እብጠት ለማፍረጥ የኪስ ሰንጢ ፈጽሞ መዋል የለበትም። ማጠፊያው ውስጥ የተደበቀ ቆሻሻ በማጠብ ብቻ አይወጣም። ቴታነስ፣ ኤች አይ ቪና የጉበት ቫይረስ በእንዲህ ያለ ስለት ይተላለፋሉ።

ሰንጢ ቢቆርጥስ?

ቁስሉን በሚፈስ ንጹሕ ውሃና በሳሙና ማጠብ፣ ከዚያም በንጹሕ ጨርቅ ቢያንስ ለ10 ደቂቃ ሳያነሡ አጥብቆ መጫን የመጀመሪያው እርምጃ ነው። ደሙ በኃይል የሚፈስ ከሆነ ግን መጫኑ ከማጠቡ ይቀድማል። የተለመደው ቡና መነስነስ፣ አፈር ወይም እበት መለጠፍ መተው አለበት። ቡናው ቁስሉን ያቆሽሻል፤ አፈርና እበት ደግሞ መንጋጋ ቆልፍ በመባል የሚታወቀውን ቴታነስን የሚያመጣው ባክቴሪያ ዋነኛ መገኛዎች ናቸው። የበሽታው ምልክት ብዙውን ጊዜ ቁስሉ ከደረሰ ከ3 እስከ 21 ቀናት ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሚታይ ቁስሉ ደረቀ ብሎ መዘናጋት አይገባም።

ቁስሉ ጥልቅ ከሆነ፣ ከንፈሩ ከተከፈተ፣ ደሙ ካልቆመ ወይም በግፊት ከተረጨ፣ ጣት ከደነዘዘ ወይም መታጠፍ ካቃተው ጊዜ ሳያጠፉ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። የተቆረጠ ጅማት በወቅቱ ካልተሰፋ ጣቱ እስከ መጨረሻው ላይታጠፍ ይችላል፤ ለአራሽ እጅ ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም። የቴታነስ ክትባት መቼ እንደተወሰደም ለባለሙያው መንገር ይገባል።

በከተማ ሲያዝ

ሰንጢ የሚያዘው ለሥራ ነው፤ ሥራ ወደሌለበት ቦታ ይዞ መሄድ ጥቅም የለውም። ወደ መጠጥ ቤት፣ ወደ ስታዲየም፣ ወደ ፍርድ ቤትና ሕዝብ ወደሚበዛበት ስብሰባ ይዞ መግባት በፍተሻ ላይ ያስጠይቃል። ከዚህም በላይ በንዴት ቅጽበት እጅ የሚሄደው ኪስ ውስጥ ወዳለው ነገር ነው። በእጅ ብቻ ሊያልቅ የሚችል ጠብ ሰንጢ ሲገባበት ቤተሰብ ያፈርሳል። በአውሮፕላን የሚጓዝ ሰው ሰንጢውን በእጅ ሻንጣ ይዞ መግባት አይችልም፤ ተጠቅልሎ በጭነት ሻንጣ ውስጥ መግባት አለበት።

በቤት ውስጥም ሰንጢ ሕፃናት ከማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ። ለሌላ ሰው ሲሰጥ ታጥፎ ይሰጥ። ሲቆርጡበት ስለቱ ከራስ አካልና ከያዘው እጅ ርቆ ይሂድ። ልጅን ሰንጢ ማስያዝ የግድ ከሆነም መጀመሪያ የሚማረው መቁረጥን ሳይሆን ጣቱን ሳያስቆርጥ መክፈትንና ማጠፍን ነው።

ጥሩ ሰንጢ በጥቂት ብር ሊገኝ ይችላል፤ ብረቱ ውሃ የጠጣ፣ መቆለፊያው የማይለቅ፣ እጀታው እጅ የሚሞላ ከሆነ ይበቃል። ከግዢው በኋላ የሚፈልገው በየጊዜው መሳል፣ ከሥራ በኋላ መታጠብና መድረቅ፣ ከአንድ ማሳ ወደ ሌላው ከመሻገሩ በፊትም በበረኪና መጽዳት ብቻ ነው።